አርባ ኩባያ ኮምጣጤ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
የዳቦ ቤቱን ሞተር ጠገንኩ። የሞቀውን አቅልቶ የሚያሳየው የሙቀት ካሜራዬ ጉዱን ወዲያው አወጣው፤ አንዱ ኩሽኔታ እንደ ፍም ቀልቶ ታየ። ከሥራ በኋላ እህቴ ቤት ጎራ ብዬ የባሏን መላጣ አነሳሁበት... እሱም ቀይ! እህቴ በሳቅ ሞተች።

ልጇ ግን አልሳቀችም። ኮምጣጤ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ባለፈው ወር ኮምጣጤው የቀጠነ አንድ በርሜል አምልጧት ለደንበኛ ወጥቷል። ሥራ አስኪያጁ "ሌላ ካመለጠሽ ዕቃሽን ሰብስቢ" ብሏታል። ዓርብ ደግሞ አርባ በርሜል ይጫናል። አንዱን ጠብታ በጠብታ ለመመርመር ሃያ ደቂቃ... ያውም ብቻዋን!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ለተዘጋ ቱቦ ኮስቲክ ሶዳ በጠበጥኩ። ካሜራው ላይ ባልዲው ነደደ! ሶዳና ኮምጣጤስ ሲገናኙ ይሞቁ የለ? ታዲያ የበረታው ኮምጣጤ ይበልጥ አይሞቅም? ደወልኩላት።

"ጋሼ፣ ቀልድህን ነው?"

"ለቀልድ ደውዬልሽ አውቃለሁ?"

"ሁሌም!"

ሐሳቤን ነገርኳት። "ሶዳው ከበቂ በላይ ከሆነ፣ ሙቀቱን የሚወስነው ኮምጣጤው ብቻ ነው። ጋሼ! ነገ ና!"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ላቦራቶሪዋ ውስጥ አሥራ ሁለት ኩባያ ኮምጣጤ፣ ሁሉም ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ። ሶዳው ሲጨመር ሦስቱ ግን በልጠው ሞቁ! እንዴት? ኋላ ገባኝ... ሦስቱን በመዳፌ አቅፌ ወሬ ስጠርቅ ነበር። "እጅህን ኪስህ ክተት!" በስተርጅና ተቀጣሁ። እንደገና ሞከርን። አሥራ ሁለቱም እኩል! ዘለልኩ። ወገቤ ግን አልተስማማም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ከየበርሜሉ አንድ አንድ የተቀዳ አርባ ኩባያ፣ በአምስት ረድፍ። ስምንት አፍ ባለው መቅጃ ሶዳውን ጨመረች፤ እኔ ካሜራውን ያዝኩ። በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም ቀሉ... ሠላሳ አንደኛው ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ገባ። "መኪናው ቆሟል እኮ! በሥዕል ነው የምታዘገዩኝ?"

ድሮ መሬት መሬት እያየች ነበር የምትመልስለት። ዛሬ ቀና አለች። "ሠላሳ ዘጠኙ ይጫን። ሠላሳ አንደኛው አይነቃነቅም።"

ያንን አንዱን ጠብታ በጠብታ መረመረችው። እንዴት ያለ ረጅም ሃያ ደቂቃ! ብንሳሳትስ? ዕቃዋን የምሸከመው እኔ ነኝ... ቀጥኖ ተገኘ! ሰላጣ እንኳ አያኮመጥጥም!

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "ሰኞ ስልሳ በርሜል አለ። አጎትሽ ይመጣሉ?"

"የሥራ ባልደረባዬ ናቸው" አለችው። "ይመጣሉ።"

እኔም ከወዲሁ እጄን ኪሴ ከተትኩ።