ትምህርትን የገለበጡት የመምህር ሰጠኝ ባፈና ድንገተኛ ሞት

ሸሕዲ፣ ማክሰኞ ኅዳር 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

የጓንግ ማዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማኅበረሰብ የፊዚክስ መምህራችንን የአቶ ሰጠኝ ባፈናን ሞት የሚያስታውቀው ገና ራሱም ሳያምን ነው። መምህር ሰጠኝ ባለፈው ዓርብ ከኮኪት ሲመለሱ የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ተገልብጦ በ38 ዓመታቸው ተለይተውናል። የዚያን ዕለት ጧት እኮ አብረውን ነበሩ።

መምህር ሰጠኝ በ1994 ዓ.ም. በገለጉ ማስተማር ጀምረው በ2001 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ቤታችን ተዛወሩ።

በ2006 ዓ.ም. በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ክፍሉ ባዶ መቅረቱ ቢያንገበግባቸው «የተገለበጠ ክፍል» የተባለውን የማስተማር ዘዴ ጀመሩ። ማብራሪያውን በድምፅ ቀድተው በሚሞሪ ካርድ አስቀድመው ይሰጣሉ፤ ተማሪው ማሳ ላይም ሆኖ በስልክ ያዳምጣል፤ ክፍል ሲመጣ ሥራው ጥያቄ መጠየቅና መልመጃ መሥራት ነው። ወላጆች «መምህሩ ሳያስተምሩ ልጆቻችንን ያሠራሉ» ብለው አመለከቱ። እኛም «መደበኛውን ትምህርት ገልብጠዋል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠናቸው።

በ2007 ዓ.ም. አጨዳ ከወጡት ተማሪዎቻቸው አንድም ሳያቋርጥ ሁሉም ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ስለተቀመጡ ማስጠንቀቂያው ተነሣ። ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። በመምህራን ማረፊያ «ግልብጡ» እያልን ስንጠራቸው እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አቶ ኸሊል የተባሉ የኮኪት ትራክተር ነጂ ደውለው «መምህር ሰጠኝ ተገለበጡ» ሲሉን፣ «እሳቸውማ ከተገለበጡ ሁለት ዓመታቸው!» ብለን ሳቅን። አቶ ኸሊል ደግመው ነገሩን። ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን። ያን ሳቅ የት እንደምናደርሰው ግን አናውቅም።

መምህር ሰጠኝ ወደ ኮኪት የሄዱት በአጨዳ ወቅት ሰኞ ሰኞ ብቻ ክፍል ለሚገቡ ሠላሳ አንድ ተማሪዎች የሳምንቱን ትምህርት ለማድረስ ነበር። አድርሰዋልም። በቅጂው መጨረሻ ላይ «ያልገባችሁን ጽፋችሁ ሰኞ ኑ፤ እኔ ክፍል ውስጥ እጠብቃችኋለሁ» ይላሉ።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሀብትነሽ፣ ለሁለት ልጆቻቸው፣ እዚህም ገለጉም ላሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን።

ትናንት ሠላሳ አንዱም ጥያቄያቸውን ጽፈው መጥተው ነበር። መርዶውን ያልሰሙ ስለነበሩ ክፍል ገብተው ጠበቁ፤ ከመካከላችን ገብቶ የሚነግራቸው ጠፋ። እንግዲህ በዚህ መግለጫ እንነግራቸዋለን። ልጆቻችን፣ መምህራችሁ ቃላቸውን አጥፈው አይደለም የቀሩት፤ ሞተው ነው።