አባትሽ ያልጨረሰው ልብ ወለድ

አቬሮይ፣ ኖርዌይ
ኖቬምበር 9 ቀን 2014

ለምወድሽ ልጄ ለኢንግቪልድ፣

እንደምን ከርመሻል? አውስትራሊያ አሁን ሙቀቱ ሳይጀምር አልቀረም። እኛ ጋ ነፋሱ ስለበረታ ጀልባዎቹ ከወደብ አልወጡም፤ አባትሽም ቤት ውሏል።

የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ክበባችን አንድ ልብ ወለድ መረጠ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ራሱን ያጠፋል፤ የቀረው ታሪክ ቤተሰቡ ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደሚኖር ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቤሪት መጽሐፉን ስትሰጠኝ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ጉንቮር፣ ከከበደሽ ተዪው» አለችኝ። አልተውኩትም።

በውይይቱ ቀን ያ ቀልደኛው ጎረቤታችን ኦድቫር ገና የዋፍል ቂጣው ሳይቀርብ፣ «የመጽሐፉ እናት ስለ ልጇ አሟሟት ለሰው ዋሽታለች፤ እኔ ግን አልፈርድባትም። እኛም ወንድሜን ልቡ ነው የገደለው ብለን ቀብረነዋል» አለ። እኔም፣ «ሲንድሬም አዳልጦት አይደለም ባሕር የገባው» አልኩ። የወንድምሽን ነገር በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ማንም አልደነገጠም። ለካ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ለአባትሽ ስነግረው አልተቆጣም። መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ማንበብ ጀመረ፤ ከአየር ትንበያ ሌላ የማያነበው ሰውዬ። ልጁ የሚሞትበት ምዕራፍ ጋ ሲደርስ ግን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

«ቶርሌቭ፣ ጨርሰው እንጂ» አልኩት።

«እዚህ ድረስ ልጁ ደህና ነው» አለኝ።

ትናንት ከምሳ በኋላ የቀረውን እኔው አነበብኩለት። አንብቤ ስጨርስ፣ «ደራሲው ልጁ ለምን እንዳደረገው ጽፎታል። የእኛውስ ለምን አደረገው?» አለ።

«አላውቅም።»

«የዚያን ዕለት ጠዋት አብሮኝ ሲስቅ ነበር እኮ።»

«ነበር።»

ከዚያ አለቀሰ። መጽሐፉ አፋችንን አስከፈተን እንጂ የምንለውን አልሰጠንም። ጀርባውን እያሻሸሁ ቆየሁና ተነስቼ ለራት ድንች መላጥ ጀመርኩ። ሌላ የማደርገው አጣሁ።

ያኔ በወንድምሽ ቀብር ላይ «እውነቱ ይነገር» ስትዪ ያስቆመሽ እሱ ነበር። አሁን «ልጅቷ እኔን ትሰማኛለች?» እያለ ይጠይቀኛል።

ሰሞኑን ስደውል አታነሺም። ሥራ በዝቶባት ነው ብዬዋለሁ። በዝቶብሽ ነው አይደል? ወሬ ባይኖርሽም «አለሁ» ብቻ ብለሽ ጻፊልኝ። ከከፋሽም ክፉውን ንገሪኝ። መላ ላልሰጥሽ እችላለሁ፤ ግን እሰማሻለሁ፣ አላቋርጥሽም።

እግዚአብሔር ካጠገብሽ አይለይ፤ እንቅልፍሽን ሰላም ያድርግልሽ።

እናትሽ ጉንቮር

ይህን ገና ወደ ፖስታው ሳልከተው አባትሽ ከበሩ ብቅ ብሎ፣ «መልስ መጣ?» ይለኛል።