በከመነዳሪ የተንጠለጠለችው የጓሮ በር

ይድረስ ለምወድህና ዛሬ ግን ቆሽቴን ላሳረርከው ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት ቀስፎ የሚይዝህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትልቁ የወለቀው ጥርሱ በቀለለት? ትንሿ አሁንም ጣቷን ትጠባለች? እኛ ደህና ነን። እኔ ግራ መዳፌን ሰባት ቦታ ተሰፍቼ ደህና ነኝ። እማማም በቀኝ ጎኗ መተኛት አቃታት እንጂ ደህና ናት። ታናሻችንም በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ ልብህ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። አይ፣ ለምን እዋሻለሁ? ትንሽ ቢደነግጥልኝም አልጠላም።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ያ ባለጋራዥ የታናሻችን ባል ከእስር ተፈቷል፤ እየፈለጋት ነው፤ ወደ አንተም መደወሉ አይቀርም። ያኔ አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። በስልክ ስንነጋገር ነገሩ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ብለህ ዘጋህብኝ እንጂ አልሰማኸኝም። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ጣቷን በመኪና በር ቀርጥፎባት የሸሸች ጊዜ የድሮውን ቤት ለቀን፣ እማማን ይዘን፣ ማንም የማያውቀን ሰፈር እንደገባን ታስታውሳለህ። ከዘመድ ሁሉ ቤታችንን የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። ባዶ ቤት ነው የገባነው፤ ሰው የጣለውን እያነሳን ነው ቤት ያደረግነው። አንተ ደግሞ ባለቤትህ ኑሮው ከብዷታልና እትዬ የምታደርጊውን ሁሉ ጻፊልን አልከኝ። እኔን ጻፊ ማለት እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው፤ ታውቀኛለህ። የሳሙና ቁርጥራጭ በአሮጌ ስቶኪንግ ቋጥራችሁ ቧንቧው ላይ እሰሩት አልኳችሁ። የተሰበረ ጃንጥላ እንዳትጥሉ፣ ጨርቁን ገፍፋችሁ አጥንቱን ገልብጣችሁ ስቀሉት፣ የካልሲ ማስጫ ይወጣዋል አልኳችሁ። ሩዝ የታጠበበትን ውሃ ለአበባ፣ የድንች ልጣጭን ለብስባሽ፣ የአሮጌ አልጋ ሽቦን ለባቄላ መውጫ። ባለቤትህ ጃንጥላውን ሞክራው ሠራልኝ ብላ ስትልክብኝ እንዴት እንደኮራሁ ብታይ!

በኋላማ መፎከር ጀመርኩ። የፊቱ በራችን የብረት ነው፣ እሱን ተዉት፤ የጓሮዋን በር ግን በብስክሌት ከመነዳሪ፣ በዚያ በጎማው የውስጥ ላስቲክ ነው ያንጠለጠልኳት፣ ስትከፈት ድምፅ የላት፣ ዘይት አትል፣ የብረት ማጠፊያ ለምኔ ብዬ ጻፍኩ። ከበሯ በላይ ለወፍ ማባረሪያ ባዶ ጣሳዎች በገመድ ደርድሬያለሁ፣ ስገባ እንዳይንኳኩብኝ ገመዱን ቀስ አድርጌ ከፍ አደርገዋለሁ ብዬ ጻፍኩ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የመኪና ጎማ ውስጥ አበባ ያየ ሰው ያ የኔ እጅ ሥራ ነው ብዬም ጻፍኩ። ወይ ምቀኛ እጄ!

ያ ቀን ቅዳሜ ረፋድ ነበር። እማማ በረንዳው ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች፣ እኔ ልብስ አሰጣለሁ፣ ታናሻችን በሚስማር በበሳሳነው ጄሪካን ችግኞቿን ታጠጣለች። ጣሳዎቹ አልተንኳኩም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ቀና ስል ከመነዳሪው በቢላ ተበጥሶ በሩ አጥሩ ላይ ተደግፏል፤ ሰውዬው ግቢያችን ውስጥ ቆሟል፤ በአንድ እጁ የጣሳዎቹን ገመድ ከፍ አድርጎ ይዟል፣ ልክ እኔ እንደማደርገው፣ ቀስ አድርጎ። እንግዳ ሰው ቢሆን በግንባሩ ገጭቷቸው ሰፈሩን በቀሰቀሰው ነበር። ይህን ማን ነገረው?

ታናሻችንን ወደ ቤትሽ ቅደሚ አላት። ቤቴ እዚህ ነው አለችው። እንደዚያ ቀና ብላ ስትመልስለት አይቼ አላውቅም። አፏን ሳትዘጋ የኔኑ አካፋ ከግድግዳው አንስቶ በእጀታው አገጯን መታት። ድምፁ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ወደቀች። ክንዷን አንስታ ስትከልል ክንዷን ደገመው። ከዚያ አካፋውን ጥሎ ፀጉሯን በመዳፉ ጠቅልሎ ወደ በሩ ጎተታት። የአትክልት መደቦቹን ዳር በጠርሙስ እንዳጠርኩት፣ አፋቸውን ቀብሬ ቂጣቸውን ለፀሐይ እንዳዞርኩት፣ ሲያበሩ ደስ ይላሉ ብዬ እንደጻፍኩልህ አስታወስክ? በቦት ጫማው እየረገጠ ሰባበራቸውና በስባሪው ላይ ነው የጎተታት። ከጀርባዋ አሥራ ስድስት ስባሪ ወጥቷል። በእኔ ብልሃት የተቆረጠ ሥጋ ነው። ይህን ለማንም አላልኩም፤ ላንተ ግን እልሃለሁ፣ ብቻዬን ልሸከመው አልችልም።

እማማ ባቄላውን በትና እግሩ ላይ ተጠመጠመች። የሰባ ስምንት ዓመት ሴት! ጎኗን በእርግጫ ብሎ ጣላት። ያኔ እኔም ሰው መሆኔ ቀረ። በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ እንዲያግድ ከድሮ ሱሪህ አንዱን እግር ቆርጬ፣ አሸዋ ጠቅጥቄ የሰፋሁት ነገር ነበር፤ እትዬ ሱሪዬን ዘንዶ አደረግሽው ብለህ የሳቅህበት። አቧራውን አራግፌ ፀሐይ ላይ አጋድሜው ነበር። በሁለት እጄ አንስቼ ማጅራቱን አልኩት። ፀጉሯን ለቀቀ። ዞር ሲል ጆሮ ግንዱን ደገምኩት። ቢላውን ሰነዘረብኝ፤ በግራ እጄ ስይዘው መዳፌ ተተረተረ፣ የሱሪውም ስፌት አብሮ ተተረተረና አሸዋው ሁሉ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ዓይኑን እያሸ ሲንገዳገድ አካፋውን አነሳሁ። በእጀታው በኩል አይደለም፣ በስለቱ። አልዋሽህም፣ ልገድለው ነበር። ራሱ ላይ የማሳርፍበትን ቦታ መርጬ ነበር። ጎረቤታችን፣ ያቺ ጡረተኛ ነርስ፣ ጩኸቱን ሰምታ በወደቀው በር ገብታ ከኋላ እጄን ባትይዘኝ ይህን ከእስር ቤት ነበር የምጽፍልህ። ልቀቂኝ ብዬ በክርኔ ደረቷን ደቃኋት እኮ! እሷ ግን አንቺ ከታሰርሽ እነዚህን ማን ያስታምማል አለችኝ። እሱ አበረደኝ።

እጁን የኋሊት በዚያው በቆረጠው ከመነዳሪ አሰርነው። ከመነዳሪ እንደሆን ተበጥሶም ሥራ አያጣም። ስናስረው ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ከፈትኩት። የኔ የእጅ ጽሕፈት! የፎከርኩበት ገጽ፣ በሩም፣ ጣሳውም፣ ሰማያዊው ጎማም ያለበት፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ የታተመ። ጥግ ላይ ወረቀቱን የያዘ አውራ ጣት ይታያል፤ ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ። በልጅነትህ መጋዝ የቆረጠህን፣ እኔ ቀሚሴን ቀድጄ ያሰርኩልህን ጣት አላውቀውም ብለህ ነው? በደሜ እንዳይበላሽ ብዬ ወረቀቱን በጥርሴ ያዝኩት። እንዲህ አድርጌ ነው ያወቅሁብህ።

በማግስቱ ስደውልልህ አለቀሰልኝ አልከኝ። እሱ ምን ይቸግረዋል? ጣቷን የቀረጠፈ ቀንም እስከ ሆስፒታሉ በር እያለቀሰ ነው የወሰዳት። የአዞ እንባ ነው። ትዳር ነው፣ ቀርቦ ይቅርታ ቢጠይቃት ይታረቃሉ ብዬ ነው አልክ። ከዚያ ያልከውን ግን አልረሳልህም፤ እትዬ፣ አንቺው አይደለሽ የተሰበረ ሁሉ ይሠራል የምትይው አልከኝ። ጣሳ እኮ ነው ያልኩት! ጃንጥላ ነው ያልኩት! እህትህ ጣሳ ናት? ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል፤ የሷን አገጭ ሁለት ቦታ ሰብሯል። ምላሱ ደግሞ የሱ ብቻ አልነበረም።

ክፉ ነህ አላልኩም። ዕርቅ ትወዳለህ፣ ሰው ሲያለቅስ አትችልም፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ፣ ዶሮ ሲታረድ አልጋ ሥር ትደበቅ ነበር። ግን የዋህነትህ ሰው ሊያስገድል ነው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታስሮ በዋስ ወጣ። በወጣ በሦስተኛው ቀን ነርሷ ቤት ሄዶ የት ገቡ አላት። አላውቅም አለችው። ግድ የለም፣ የትም ቢገቡ ወንድሟ ይነግረኛል ብሎ ስቆባት ሄደ። ሳቀ ነው የምልህ። እኛ ያኔ ወጥተን ነበር። ቲማቲሙ ሊቀላ ሳምንት ሲቀረው ትተነው ወጣን። ታናሻችን ከችግኞቿ አንዲቷን እንኳ ልያዝ ብላ ነበር፤ በተሰበረ ክንድ በምኗ ትያዘው? እኔ አላለቀስኩም፤ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ድረስ ስረግመው ሄድኩ።

አገጯ በሽቦ ታስሯል። የምትበላው በቀጭን ቱቦ የሚሳብ ፈሳሽ ብቻ ነው። ሁለት ጥርስ የላትም፤ ጎረቤት ድስት ከወደቀበት አልጋ ሥር ትገባለች። መናገር ስለማትችል ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ እየጻፈች ታናግረናለች፤ ይህ ወረቀትም ከዚያው የተቀደደ ነው። ላንተ መጻፌን ስታውቅ ብዕሩን ቀምታኝ፣ ጋሼን አትርገሚው፣ ግን የት እንዳለሁ አይወቅ ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው። ሲደውል አታንሳ። ካነሳህም ደህና ናቸው እንኳ እንዳትለው። የጻፍኩልህን ደብዳቤ ሁሉ አቃጥለው፤ ወረቀት ማቃጠል ምን ያህል እንደሚያመኝ ታውቃለህ፣ ግን አቃጥለው። መልስ አትጻፍልኝ። ፖስታው ላይ ያለውን ማኅተምም አትመራመር፤ ሌላ ከተማ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ነው ያስላክሁት። ስልኬንም ቀይሬያለሁ።

እዚህም እጄ አላረፈም። ትናንት ከቆሻሻ መጣያ ያነሳሁት አንድ ነገር አለ፣ ምን እንዳደረግሁት ብነግርህ ባለቤትህ በሳቅ ትሞታለች። ልጽፍልህ ጀምሬ ሰረዝኩት። የባልዲያችንን ቀለም እንኳ አልነግርህም። በወር በወር ቁጭ ብዬ ላንተ መጻፍ ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ፤ እሱንም ነው የወሰደብኝ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በሷ አልተቀየምኩም። ትልቁን ልጅ ጆሮውን ሳብልኝ፣ ትንሿን አገላብጠህ ሳምልኝ። ታናሻችን በጤናማ እጇ ሰላም ትልሃለች። እማማ ግንባርህን ትስማለች። አድራሻችንን ማን እንደሰጠው አታውቅም፤ እንደ ጅብ አሽትቶ ነው የመጣው ብዬ ዋሽቻታለሁ። ልጄ አጠገባችን ቢኖር ይህ ሁሉ አይደርስብንም ነበር ትላለች፣ በየቀኑ። እኔም አዎ እላታለሁ።

እትዬ የምትለኝ እህትህ፣
ከማልነግርህ ቦታ፣
የካቲት 14 ቀን