የአርጎባን ቤቶች ያገኘው ሊቅ

ስፕሪንግ ቫሊ፣ ላስ ቬጋስ
ሰኔ 11 ቀን 2013

ለእታለሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ። እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። በኮሮና ተዘግቶ የነበረው ሆቴል ተከፍቶ ወደ ሺፍቴ ተመልሻለሁ፤ እንግዳ ከኤርፖርት አመላልሳለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ማንን እንደጫንኩ ብነግርሽ አታምኚኝም። ያን ጣሊያን። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላ ተኮፈሰ። እኔን የት ያውቀኛል።

ዘ ስትሪፕ በሚሉት የሆቴሎች ጎዳና ላይ ቬኒስን አስመስለው የሠሩትን ሆቴል ሲያይ ምራቁን ሊተፋ ምንም አልቀረው። ይህ ከተማ የሰው ሥራ እየቀዳ የሚኖር ነውረኛ ነው አለኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው የሕይወት ታሪኩን ዘረገፈው፦ ሮም ማስተማሩን፣ ጋዜጣ ላይ አንድ መስመር ሲጽፍ አርክቴክቶች እንቅልፍ እንደሚያጡ። ስሜን የተከለልኝ ግን በአርጎባ የድንጋይ ቤቶች ላይ የጻፍኩት መጽሐፍ ነው፣ ብቻዬን ነው ያገኘኋቸው አለ።

ብቻውን። በሰማንያ አምስት ዓ.ም. ስምንት ወር ሙሉ ዳገት ያወጣሽው፣ ከባለቤቶቹ ጋር ያስማማሽው፣ ግድግዳውን በክንድሽ እየለካሽ ደብተርሽ ላይ የሳልሽው አንቺ። ደብተሩን ገልብጬ እመልሳለሁ ብሎ እንደወጣ ቀረ።

ሰውዬውን ወደ ኤርፖርት እንድመልሰው ታዝዤ ስለነበር፣ ንግግር ሲያደርግ የሆቴሉ አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። ስክሪኑ ላይ ያወጣው ሥዕል ያንቺ ነው፤ ዳር ዳሩን የጻፍሽው አማርኛ እንኳ አልጠፋም። ጥያቄ ሲፈቀድ በዩኒፎርሜ እጄን አወጣሁና ማን ነው የሳለው አልኩት። አንድ መንገድ መሪ ነበር፣ ስሙን ረሳሁት አለ። ወንድ አደረገሽ። ስምሽን እስከ አያታችን ጠራሁለት። እሱ ፈገግ ብሎ፣ ስም ግድግዳ አያቆምም አለና ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ።

አለቃዬ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። አልቆጨኝም።

ስመልሰው፣ ኤርፖርት ስንደርስ፣ በሕይወት አለች ወይ አለኝ። አለች አልኩት። ሌላ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቀኛል ብዬ ሻንጣውን አውርጄ እንኳ ቆሜ ጠበቅሁት። ቲፕ ዘረጋልኝ። ትቼው ሄድኩ። እኔም ስለ ጁማና አልነገርኩትም።

እታለሜ፣ ከእንግዲህ የሱን ደብዳቤ ፍለጋ ፖስታ ቤት መመላለሱን ተዪው። በዚህ ሰውዬ ዕድሜሽን ማባከንሽ ይበቃል።

አላህ ቤትሽን በረካ ይሙላልሽ፤ ከክፉ ይጠብቅሽ። ጁማናን ሳሚልኝ። ጣሊያኑ አባትሽ ሞቷል ብለሽ ስላሳደግሻት፣ ዋሸኋት ብለሽ አትጨነቂ።

ወንድምሽ