አምስት ያልኩት እኔ ነኝ

ነሐሴ 21፣ ጠ. 12 ሰዓት፣ ናዝሬት

ፒንሳ፣ ሁለት መፍቻ፣ ፓምፕ፣ ማጣበቂያ፣ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ። ተሟልቷል። አንተን፣ ደብተሬን፣ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልዬ ከመሣሪያው ሥር። ጓ. ተፈራ ደብተር ይዤ እንደምዞር ካወቀ ምን ጻፈ፣ ስለ ማን ጻፈ ሳይል አያድርም። ስለዚህ ድምፅህን አጥፋ።

ስድስት ነን። ለአብዮቱ በዓል ቅስቀሳ በብስክሌት እስከ በቆጂ። ወረቀት መለጠፍ፣ ባንዲራ፣ መፈክር። ጓ. ተፈራ የቀበሌው ወጣቶች ሊቀመንበር ነው፤ እሱ ቁጥር አንድ። ሁለት የወንጂ ሸንኮራ ቆራጮችና አንድ አስተማሪ መሀል። ግርማ አምስት። እኔ ብስክሌት ጠጋኙ ስድስት፣ ጭራ። የጭራ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላው ሰው እንዳይቀር።

ሰማዩ ጠቁሯል። በነሐሴ ተራራ መውጣት የማን ሐሳብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ተቃውሞ ግን አልተሰማም። ግርማ ይስቃል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። እሱ ሲስቅ ምክንያቱን ሳላውቅም እስቃለሁ።

ነሐሴ 22፣ ማታ 1 ሰዓት፣ አሰላ

እስከ መልካሳ ቁልቁለት፣ ጨዋታ። ከዴራ በኋላ ዳገትና ዝናብ። ኢተያ አደርን፣ በጭድ ላይ። ሁለት ጎማ ፈነዳ፣ ሁለቱም የተፈራ። ከላይ ነው ፍርዱ አለ ግ. በሹክሹክታ።

ተፈራ ዘዴ አውጥቷል። ጭጋግ ሲሆን አንተያይም፤ ስለዚህ ፊሽካ በነፋ ቁጥር ከፊት ወደ ኋላ ቁጥራችንን እንጮሃለን። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት። ቁጥር ከጎደለ ሁሉም ይቆማል። ዛሬ ግ. ለሽንት ቆሞ አምስት ሳይል ቀረ። ግማሽ ሰዓት ዝናብ ላይ ተሰልፈን ስለ ዲሲፕሊን ተነገረን። አስተማሪው እስካሁን ያስነጥሰዋል።

ግ. በኋላ ጆሮዬ ላይ፦ ሌላ ጊዜ እንደ ውይይት ክበቡ አድርግልኛ።

ታውቀዋለህ። ቀበሌ ስም ሲጠራ ጓደኛህ ከቀረ አንተ በሱ ፈንታ አቤት ትላለህ። እኔና ግ. ስንት ጊዜ ተባብለናል። ድምፅ እንኳ እንቀይራለን፤ የኔ ወፍራም፣ የሱ ቀጭን። ናዝሬት ውስጥ ይህን ያላደረገ ወጣት ካለ ካድሬ ነው። እሺ አልኩት።

ነሐሴ 24፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሳጉሬ

ግርማ የለም።

ልጻፈው።

ትናንት ጠ. 3 ሰዓት ገደማ። ጭጋግ፣ የራሴ የፊት ጎማ አይታየኝም። ጭቃ ፍሬን ውስጥ ገብቶ ይፋጫል። ሳጉሬ ሳይደረስ ወዳለው ድልድይ የሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ፣ በግራ ገደል። የግ. ሰንሰለት ወለቀ። ወረደ። እኔም ልወርድ። እጁን አወናጨፈ፦ ሂድ፣ ሁለት ደቂቃ ናት፣ እደርስብሃለሁ፣ ሰውየው ከነፋ ቁጥሬን ጥራልኝ።

ሁለት ደቂቃ ናት እውነትም። ሰንሰለት ማስገባት እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ሄድኩ።

ድልድዩን ተሻገርኩ። ፊሽካ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ድምፄን አቀጠንኩና አምስት አልኩ። ከዚያ በራሴ ድምፅ ስድስት። ሳቄ መጣ፣ ይሄንንም ልጻፍ፣ ሳቄ መጣ። ዳገቱ ላይ እንደገና ነፋ። እንደገና አልኩ። ሦስተኛም። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፣ ነጭ ብቻ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ጭጋጉ ሳሳ። ቆምን። አምስት ሰው። ግርማ የት ሄደ አለኝ ተፈራ። አሁን ነበር አልኩ።

ለምን አሁን ነበር አልኩ?

ነሐሴ 25፣ ማታ፣ ሳጉሬ

ዛሬ ጭጋጉ ሲገለጥ ቀኑን ሙሉ ፍለጋ። ገበሬዎች ዱላና ገመድ ይዘው ወጡ፣ እግዜር ይስጣቸው። የተፈለገው ግን ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ባለው ዳገት ላይ ነው፣ አምስት በተባለበት። እኔም አብሬ ፈለግሁ። በሌለበት ቦታ፣ ስሙን እየጠራሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ።

ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ቤታቸው ድልድዩ አጠገብ፣ በኦሮምኛ ነገሩን። አስተርጓሚው እኔ። ያን ጠዋት ከድልድዩ በፊት፣ ከጠመዝማዛው ሥር ባለው ገደል በኩል ውሻቸው ሲጮህ ቆየ። የሰው ድምፅም የሰሙ መስሏቸዋል። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቆይቶ አንድ ጊዜ። ከብት የሚፈልግ ሰው ነው ብለው ተዉት።

ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ተፈራ ራሱን ነቀነቀ፤ ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ሦስት ጊዜ አምስት ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሕፃን አይደለሁም፣ መካኒኩን ጠይቁት። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

ጎንበስ ብዬ ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

ኦቦ ገመቹ ብዙ አዩኝ። ያ ኢልመ ኮ አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፣ ፍለጋው ቆመ።

ፈራሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም። ተፈራ ቢሰማ ምን እንደሚጽፍ አውቃለሁ፤ ለማምለጥ ተባበረ። እንደዚህ ተብለው የሄዱ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ አሉ። ማለቴ፣ የሉም።

ነሐሴ 29፣ ናዝሬት

ተመለስን። በጭነት መኪና፣ ብስክሌቶቹ ላያችን ላይ። እዚህ ፀሐይ ነው። ፀሐዩ አናደደኝ።

ሪፖርት ተጻፈ። «በገዛ ፈቃዱ ከጓዶቹ ተነጥሎ ጠፍቷል።» ጠፍቷል ማለት ከድቷል ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። አምስታችን ፈረምን፣ እኔ መጨረሻ ላይ።

የከዳ ሰው አይለቀስለትም። የእድሩ ዳኛ ድንኳን እንዳይተከል ከወዲሁ አስጠንቅቋል። ጎረቤት እትዬ በለጡን፣ የግ. እናትን፣ ከሩቅ እጅ እየነሳ ያልፋል። አንድ ልጃቸው ነበር። ለቅሶ እንኳ የላቸውም።

ጳጉሜ 1፣ ከሰ.

ዛሬ ጠዋት ውይይት ክበብ። ስም ጥሪ። ዝርዝሩ አልታረመም። «ግርማ» አለ ጸሐፊው፣ ደንዝዞ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። አፌ ተከፈተ። ድምፄ መቅጠን ጀምሮ ነበር፣ አምላኬ። ምላሴን ነከስኩ። ጸሐፊው ስሙን ሰረዘው። እስክርቢቶው ወረቀቱን ሲቧጭር ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰማኝ።

ሥራ አልሆነልኝም። ሰንሰለት የወለቀ ብስክሌት ሲመጣ አልነካም፣ ነገ ኑ እላለሁ። ፊሽካ የሚነፋ የትራፊክ ፖሊስ ሲኖር በሌላ መንገድ እዞራለሁ። ሲነፋ ከሰማሁ እቆጥራለሁ። አራት ላይ ስደርስ ላብ ያጠምቀኛል።

አሁን ደግሞ አንድ ሐሳብ አይለቀኝም። ገደል ውስጥ ሆኖ ፊሽካውን ሰምቶ ይሆን? ኦቦ ገመቹ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቆይቶ አንድ ጊዜ ነው ያሉት። ፊሽካውም እንደዚያው እየቆየ ነበር የተነፋው። ቁጥሩን እየመለሰ ነበር? እኔ ከላይ አምስት ስል እሱ ከታች አምስት እያለ ነበር?

ጳጉሜ 2

እትዬ በለጡ ሱቄ መጡ። ቆመው፣ አልቀመጥም ብለው። ከኋላው የነበርከው አንተ ነህ አሉኝ፣ ሲሄድ አይተኸዋል?

አላየሁም እትዬ፣ አልኩ።

እሳቸው፦ «አንተንም ሳይሰናበትህ ነው የሄደው፣ አይ ልጄ።»

ለኔ አዘኑ። ለኔ። ትከሻዬን ዳበስ አድርገውኝ ወጡ። ፒንሳውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ሄጄ አነሳሁት።

ጳጉሜ 3፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ነገርኩ።

መጀመሪያ ለተፈራ፣ ቢሮው። ይጮኻል ብዬ ነበር፣ አልጮኸም። በሩን ዘጋው። በጆሮዬ ሰማሁ ብዬ በፊርማዬ ልኬአለሁ፣ አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሁለታችንንም ይበሉናል። የሞተ ሞቷል፣ ቢታወቅ አንተም አትተርፍም፣ ሂድ ሥራህን ሥራ። ፊቱ አመድ። ለካ እሱም ይፈራል። ቀናት ሙሉ የፈራሁት ሰው፣ ከኔ ብሶ ይፈራል።

ከዚያ እትዬ በለጡ ዘንድ። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፣ ሁሉንም፣ ድምፄን ማቅጠኔንም፣ መሳቄንም። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። አልመቱኝም። አላለቀሱም። ጠመዝማዛው ከድልድዩ ምን ያህል ይርቃል አሉ። በእግር ሩብ ሰዓት አልኩ። ገደሉ ጥልቅ ነው? ጥልቅ ነው። ውሃ አለው? በክረምት አለው።

ከዚያ፦ «ልጄ አልከዳም እንግዲህ።»

አዎ እትዬ፣ አልከዳም።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ውጣ አላሉኝም፣ ግባም አላሉኝም። ስወጣ የአሰላ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው ብለው ጠየቁኝ።

ጳጉሜ 4፣ ጠ. 11 ተኩል

መሣሪያ አልያዝኩም። ገመድ ብቻ፣ ረጅሙን። ኦቦ ገመቹን ቤታቸው እናገኛቸዋለን፣ ገደሉን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የሚሉኝን ይበሉኝ።

እትዬ በለጡ በር ላይ ቆመዋል። ዘንቢላቸው ውስጥ ዳቦ አለ፣ ትኩስ፣ ሌሊቱን የተጋገረ። ከዳቦው ሥር የታጠፈ አዲስ አቡጀዲ አየሁ። ስለ ሁለቱም አልጠየቅኋቸውም።

የይለፍ ወረቀት የለንም። ተፈራ አይሰጠንም፣ አልጠየቅሁትም። ኬላ ላይ ወዴት ነው ሲሉኝ የምለውን ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ፤ ዘመድ ልጠይቅ፣ ሥራ ልፈልግ፣ ጸበል። ሁሉንም ተውኩት። ሰው ትቼ መጥቻለሁ፣ ላመጣው ነው እላለሁ።