ለአራስ በተዘጋጀው ጥግ ስለተከማቹት አምፖሎች

ለተከበሩ የወረዳችን የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ በጤና እንዲሰነብቱ፣ ስብሰባ የማይበዛበት ሳምንትም እንዲገጥምዎ እየተመኘሁ፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር ጀርባ የምኖር ጡረተኛ ይህን በአደባባይ የምጽፈው፣ ቢሮዎ ስድስት ጊዜ ተመላልሼ ወንበርዎ ላይ ከተሰቀለው ኮት በቀር ማንንም ስላላገኘሁ ነው።

1ኛ. አምና በአዳራሹ ስብሰባ፣ የተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሜርኩሪ የሚባል መርዝ ስላለበት እንዳይሰበር፣ ከቆሻሻ ጋርም እንዳይጣል አስተማሩን። እግዜር ይስጥልን። እኔም «ታዲያ የት እናድርገው?» ብዬ ልጠይቅ እጄን አወጣሁ። እርስዎ ግን ራሴን ያቀረብኩ መስሎዎት ጊዜያዊ አሰባሳቢ አድርገው ሾሙኝ፤ ሕዝቡም ከራሱ ላይ ስለወረደለት ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ። ሳልለምን ላገኘሁት ሹመት አመሰግናለሁ።

2ኛ. ሹመቱ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያሉት ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ሞላው። ጎረቤቱ ሁሉ በፌስታል እየቋጠረ ያመጣልኛል፤ ባለሱቁ ዱባለማ ረጅሙን ፍሎረሰንት እንደ ክርስትና ልጅ አቅፎ ነው የሚያስረክበኝ። የጽዳት ማኅበሩ ሴቶች አንነካም ብለዋል፤ እጃቸው ነውና አልፈርድባቸውም። የተሰነጠቀ ባኞ የማይንቀው ቆራሌ እንኳ ካርቶኑን ገለጥ አድርጎ አይቶ፣ «አባቴ፣ ይቅርብኝ» ብሎኝ ሄደ።

3ኛ. ቤቴ አንድ ክፍል ናት። ልጄ ርሆቦት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እኛ ዘንድ ልትታረስ መጥታለች፤ ቀኗም ደርሷል። አልጋዋ የሚዘረጋበት ጥግ ላይ ግን ሰባት ካርቶን መርዝዎ ተቀምጧል። ግቢ እንዳላወጣው ዝናቡ አለ፣ የልጆቹ ኳስ አለ። ትናንት ባለቤቴ ወለተጻድቅ አንዱን ካርቶን ገፋ ስታደርገው ከውስጡ የመስተዋት ስብርባሪ ድምፅ ተሰማ። ልጃችን ሆዷን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። «አንተ ሰውዬ፣ የእሷ አባት ነህ ወይስ የወረዳው?» አለችኝ ባለቤቴ። ጥያቄው ጽሕፈት ቤትዎን ስለሚመለከት ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ።

የምለምነው አንድ መኪና፣ አንድ ጓንት ያደረገ ሰውና አንድ ጠዋት ነው። ደክሞኛል።

ያለ ጓንት፣ ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ተተኪ የሚያገለግልዎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ፍቅረማርያም አምሐ
ጊዜያዊ አሰባሳቢ (እስከ ዕለተ ሞት)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ፖስታውን ሳላሽግ ርሆቦት ልብሷን ሸክፋ አስኮ አማቷ ቤት ልትታረስ ሄደች፤ እናቷም ተከትላታለች። እንግዲህ የአንድ አልጋ ቦታ ስለተለቀቀ፣ ከሌላም ወረዳ የተቃጠለ አምፖል ካለዎት ይላኩልኝ።