እማዬ ዝም አላለችህም

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ በሚስትህ እህት እጅ ነው የምልክልህ። ስልክህን ዘግተኸዋል፤ የጻፍኩልህን መልእክት ሁሉ አንብበኸው ይሁን አይሁን አላውቅም። እማዬን ባለፈው ዓርብ ቀበርናት። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ስለምነግርህ ሆድ አይባስህ፤ ሌላ መንገድ አጣሁ። ግን ከሞቷ ሌላ ልታውቀው የሚገባ ነገር ስላለ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያን እሁድ በቪዲዮ ስትደውል አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። በሚስትህ ምክንያት ተኳርፋችሁ ከቤት ከወጣህ ወዲህ ድምፅህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። “እማዬ፣ ሴት ልጅ ወለድን። በስምሽ ልጠራት ፈልጌ ነበር፤ ትፈቅጂልኛለሽ?” አልካት። ወዲያው መለሰችልህ። አንተ ግን፣ “እማዬ፣ እባክሽ ዝም አትበይኝ” አልክ። ደግማ ተናገረች። እኔም ከጎኗ ሆኜ “ይሰማሃል ወይ?” እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። በመጨረሻ፣ “ፊትሽን አጥቁረሽ ታይኛለሽ። ይሁን፣ ገባኝ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም” ብለህ ዘጋህ። ወዲያው መልሼ ስደውል ስልክህ ጠፍቷል።

ፊቷን አላጠቆረችብህም፣ ወንድሜ። ያየኸው ምስል ደርቆ የቀረ ነው። እሷ ያለችህ እንዲህ ነው፦ “የኔ ስም ምን ያደርግላታል? ብዙ የተለቀሰበት ስም ነው። እናቷ ታውጣላት፤ እሷ ያወጣችላትን እኔ እወደዋለሁ። ብቻ ሁለቱንም ይዘህልኝ ና።”

“እናቷ” ያለችው ሚስትህን ነው። ያቺን ሴት በዚህ ቤት በደህና ስታነሳት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ጣሪያችን ላይ ወጣሁ። የሰው ቤት ኢንተርኔት ሲቆራረጥ መሰላል ተሸክሜ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን የራሳችንን አንቴና አንድ በአንድ ፈተሽኩ። አንቴናው ኮረብታው ላይ ወዳለው የኢንተርኔት ማማ እንዳነጣጠረ ነው፤ ብሎኑ አልላላም፣ ኬብሉም ውሃ አልገባበትም። ከማማው ወደ እኛ የሚመጣው ሲግናል ጥሩ ነበር፤ አንተን ጥርት አድርገን የሰማንህ ለዚህ ነው። ከእኛ የሚሄደው ነው ማማው ጋ ሲደርስ የሚጠፋው።

ማማ ላይ የሚወጣልን ጦጣው የምንለው ባልደረባዬ ነው። ከላይ ሆኖ ደወለልኝ።

“አንቴናችሁ ላይ ያለው ራዲዮ ጤነኛ ነው” አለኝ። “እዚህ ግን በእናንተው ቻናል፣ በዚያው ሞገድ፣ ሌላ አንቴና ይጮህበታል፤ የእናንተን ድምፅ የሚውጠው እሱ ነው። ከቤታችሁ ጀርባ ምን አለ?”

ዞሬ ሳይ ከጀርባችን ያለው መጋዘን ጣሪያ ላይ አዲስ አንቴና ተሰቅሏል፤ ልክ እንደ እኛው ወደ ማማው ዞሯል። ሄጄ የመጋዘኑን ሥራ አስኪያጅ አስጠራሁት።

“የእኛ እኮ በደንብ ይሠራል፤ ምን አጠፋን?” አለኝ።

“ምንም አላጠፋችሁም። እናቴ ታማለች፤ ልጇ ድምፅዋን መስማት አልቻለም። ለአንድ አፍታ አጥፉልኝና ልየው።”

ራሱ ሄዶ አጠፋው። የኛ መስመር ያኔውኑ ጠራ። ሰውየው ሳይከራከር ባለሙያቸውን ጠርቶ ቻናላቸውን አስቀየረ።

ከዚያ ጦጣው ማማው ላይ እንዳለ በቪዲዮ ደወለልንና ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት።

“ልጄ፣ ይሰማሃል?”

“አጠገቤ የተቀመጡ ያህል ይሰማኛል፣ እማማ።”

“እስቲ ደህና አድርገህ እየኝ፤ ፊቴ ጠቁሯል?”

“ኧረ አልጠቆረም፤ እየሳቁ እኮ ነው።”

“በይ አሁን ለወንድምሽ ደውይለት” አለችኝ። ደወልኩ፤ ስልክህ ዝግ ነው። በነጋታውም ደወልኩ። ከዚያ ወዲህ በር ከፍቼ ስገባ ዓይኗ ከእኔ ቀድሞ ስልኩ ላይ ይሄድ ነበር። ፀጉሯን በየጠዋቱ ታስበጥረኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃት ይገባኝ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት እንቅልፍ ወሰዳት፤ አልነቃችም። አልተሰቃየችም፣ ይህን እመነኝ።

ባንተ ላይ ቅሬታ ይዛ አልሄደችም። ማንም ሌላ ነገር ቢነግርህ አትስማው፤ አልጋው አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንተም አንድ ጊዜ ስልኩን ስለዘጋህ ራስህን አትብላ። ያልሰማኸውን ነገር እንዴት ልትመልስ ትችል ነበር?

በቀብሩ ዕለት ጎረቤቶቹ፣ “ወንድ ልጇስ?” ብለው ጠየቁኝ። “ከሚስቱና ከልጁ ጋር መንገድ ላይ ነው” አልኳቸው። ሌላ ነገር ከአፌ አልወጣ አለ።

ውሸታም አታድርገኝ።

እትዬ የምትለኝ እህትህ